አደገኛ ቆሻሻ የሚነሳበት ሳይት፦ የሠራተኛ ደህንነት ዕቅድ ደረጃ በደረጃ

ብዙ የደህንነት ዕቅድ አንብቤያለሁ። አንዳንዱ ሰማንያ ገጽ ነው። ሽፋኑ ያምራል፣ ፊርማው ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ከሌላ ሳይት የተገለበጠ ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠኝ ዕቅድ ውስጥ ስለ አስቤስቶስ ሦስት ገጽ ተጽፎ አገኘሁ። እኛ የምንሄድበት ቦታ ግን አስቤስቶስ የሚባል ነገር የለም። ያለው ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይና ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜል ነው። ስለ በርሜሉ የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ "አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረግ" ይላል። ማን ነው የሚያደርገው? መለኪያው ስንት ሲያሳይ ነው ሰው የሚወጣው? የሚል ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው ዕቅዱን አዘጋጅ ለተባላችሁ ነው፤ ሱፐርቫይዘርም ሁኑ፣ ሴፍቲ ኦፊሰርም ሁኑ፣ ወይም "አንተ ትንሽ ታውቃለህ" ተብሎ የተጣለባችሁ ሰው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዕቅዱ ውስጥ የምትጽፉት እያንዳንዱ ቁጥር ከጎኑ አንድ ተግባርና አንድ ሰው ይኑረው። "ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች" ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም። "ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ ውጡ የሚለው መለኪያውን የያዘው ሰው ነው፣ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም" ሲባል ነው ዕቅድ የሚሆነው።

እኔ እንደ መነሻ የምይዘው ኦሻ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1989 ያወጣውንና ከ1990 ጀምሮ የሚሠራበትን የአደገኛ ቆሻሻ ሥራ ደንብ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከታች የምጠቅሳቸው ብዙዎቹ ቁጥሮች ከዚያና ከዚያው ጋር አብረው ከሚሠሩ መመሪያዎች የመጡ ናቸው። የምትሠሩበት አገር ሕግ ከዚህ ጠበቅ ያለ ከሆነ የሱን ያዙ።

1ኛ፦ ሳይቱን ከመርገጣችሁ በፊት ታሪኩን ቆፍሩ

ቦታው ድሮ ምን ነበር? ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ የቆዳ ማልፊያ፣ ጋራዥ? ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተቀበረ? የግዢ ደረሰኝ፣ የድሮ ካርታ፣ የእሳት አደጋ ሪፖርት፣ የአየር ፎቶ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ከወረቀቱ በላይ የሚጠቅመው ግን እዚያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጥበቃውን ጠይቁ። መጋዘን ጠባቂውን ጠይቁ። "እዚያ ጥግ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ይሸታል" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ የላቦራቶሪ ውጤት በፊት መንገድ ታሳያለች።

የምታገኙትን ኬሚካል ሁሉ ዘርዝሩና የእያንዳንዱን የደህንነት መረጃ ሰነድ አምጡ። ሰነዱ 16 ክፍል አለው። ሁሉንም ዕቅዱ ውስጥ መለጠፍ አይጠበቅባችሁም። ለእያንዳንዱ ኬሚካል ግን እነዚህን በአንድ መስመር አውጡ፦ በምን ይገባል (በሳንባ፣ በቆዳ፣ በአፍ)፣ መጀመሪያ የሚሰማው ምልክት ምንድን ነው፣ የተፈቀደው መጠን ስንት ነው፣ ወዲያው ለሕይወት አደገኛ የሚሆነው ስንት ላይ ነው፣ ከምን ጋር ሲገናኝ ይቆጣል። ሠራተኛው የሚያነበው ይህንን ሰንጠረዥ ነው።

ታሪኩ ካልታወቀስ? ያኔ የመጀመሪያው መግቢያ እንደ ከባዱ ሁኔታ ይቆጠራል። ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው፤ አደጋው ተለይቶ ካልታወቀ የመጀመሪያው ቡድን ቢያንስ አየር በጀርባው ተሸክሞ ነው የሚገባው። "እስቲ ገባ ብለን እንየው" የሚባል ነገር የለም።

2ኛ፦ ሥራውን በትናንሹ ክፈሉት

"ጽዳት" ብሎ አደጋ መገመት አይቻልም። ናሙና መውሰድ አንድ ሥራ ነው። በርሜል ማንሳት ሌላ ነው። መቆፈር ሌላ ነው። መኪና ላይ መጫን፣ ዕቃ ማጠብ፣ ማታ ጥበቃ ማደር፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አደጋ አላቸው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ሊጎዳ ይችላል፣ እንዴት እንከላከለዋለን፣ መቼ እናቆማለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁሉም ኬሚካሉን ይፈራና የሚያፈገፍገውን ኤክስካቫተር ይረሳል። ጭምብል ያደረገ ሰው ግራና ቀኙን በደንብ አያይም፣ አይሰማም፣ እንደ ልቡ አይዞርም። ማሽኑ የሚዞርበትን ክልል ምልክት አድርጉ፣ ጠቋሚ ሰው መድቡ፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ማንም አይጠጋ። ጉድጓድም እንደዚሁ ነው። ከ1.2 ሜትር ካለፈና መጥፎ አየር ይኖራል ተብሎ የሚጠረጠር ከሆነ ሰው ከመግባቱ በፊት አየሩ ይለካ። ከ1.5 ሜትር ካለፈ ጠንካራ ድንጋይ ካልሆነ በስተቀር ግድግዳው ይደገፍ ወይም ተዳፋት ይደረግ። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

3ኛ፦ ቦታውን በሦስት ዞን ክፈሉ

ቀይ ዞን ቆሻሻው ያለበት ነው። ቢጫ ዞን ሰውና ዕቃ የሚጸዳበት መተላለፊያ ነው። አረንጓዴ ዞን ንጹሕ ነው፤ ቢሮው፣ ውሃው፣ ማረፊያው፣ የሕክምና ዕቃው እዚያ ነው። መስመሩን በቴፕና በሾጣጣ ምልክት አስምሩ። ካርታው ላይ ብቻ ያለ መስመር መሬት ላይ ያለው ሰው አያየውም።

አረንጓዴውን ዞን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አድርጉት። ከሁሉም ቦታ የሚታይ የነፋስ አመልካች ጨርቅ ስቀሉ። ነፋስ ይዞራልና ሁለተኛ አማራጭ ቦታም ይኑራችሁ። ምግብ፣ ውሃ፣ ሲጋራ፣ ማስቲካ፣ ከአረንጓዴ ውጭ በጭራሽ። ስልክም ጨምሩበት፤ ቀይ ዞን ውስጥ የተነካ ስልክ ማታ ቤት ጆሮ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሕፃን ይቀበለዋል።

ወደ ቀይ የሚገባ ሰው ሁሉ ስሙና የገባበት ሰዓት ይመዝገብ። አንድ በር ብቻ ይኑር። ማንም ብቻውን አይገባም፤ ሁለት ሆነው ይገባሉ፣ ይተያያሉ፣ ሁለት ሆነው ይወጣሉ።

4ኛ፦ አየሩን መለካት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነው።

የመለኪያው ቅደም ተከተል ኦክስጅን፣ ከዚያ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማ ጋዝ ነው። ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? አብዛኛው የተቀጣጣይ ጋዝ ሴንሰር የሚሠራው ጋዙን ውስጡ በማቃጠል ነው። ለማቃጠል ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን ከሌለ ጋዙ ሞልቶም ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል።

ንጹሕ አየር ውስጥ ኦክስጅን 20.9 በመቶ ነው። ከ19.5 በታች እጥረት ነው፣ ከ23.5 በላይ ደግሞ ትርፍ ነው፤ ትርፉ እሳትን ያባብሳል። አሁን ይህን አስቡ። መለኪያው ከ20.9 ወደ 19.9 ወረደ። አላርም አልጮኸም። ብዙ ሰው "ገና ነው" ብሎ ይቀጥላል። ኦክስጅን ግን የአየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አንድ በመቶ ኦክስጅን ጠፋ ማለት ሌላ ጋዝ መጥቶ ቦታ ይዞ ከሆነ ያ ጋዝ አምስት በመቶ ያህል ሆኗል ማለት ነው። አምስት በመቶ ደግሞ 50 ሺህ ፒፒኤም ነው (ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ስንቱ ጋዝ እንደሆነ ነው)። ያ ጋዝ ምንድን ነው? ካላወቃችሁ ውጡ። ዕቅዱ ውስጥ "19.5 ሲደርስ" ብቻ ሳይሆን "ከ20.9 ሲንቀሳቀስ ይቁምና ምክንያቱ ይጣራ" ብላችሁ ጻፉ።

ተቀጣጣይ ጋዝ ደግሞ የሚለካው ከታችኛው የመፈንዳት ወሰን (ጋዙ አየር ውስጥ እሳት ሊይዝ የሚችልበት ትንሹ መጠን) በስንት በመቶ ላይ እንዳለ ነው። የተለመደው የማቆሚያ ቁጥር 10 በመቶ ነው። እሱ ግን የእሳት ቁጥር እንጂ የሳንባ ቁጥር አይደለም። ቶሉይንን ውሰዱ፤ ቀለምና ማቅጠኛ ውስጥ ያለው ነው። የመፈንዳት ወሰኑ 1.1 በመቶ፣ ማለትም 11 ሺህ ፒፒኤም ነው። የዚያ 5 በመቶ 550 ፒፒኤም ይሆናል። ቶሉይን ደግሞ 500 ፒፒኤም ላይ ለሕይወትና ለጤና ወዲያውኑ አደገኛ ተብሎ ተመድቧል። ስለዚህ "ገና 5 ነው፣ 10 አልደረሰም" ያለ ሰው አየር ሳይሸከሙ መቆም የሌለበት ቦታ ላይ ቆሟል።

አፍንጫችሁን አትመኑ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ሰውዬው "ተሻለ" ይላል። ያ ቁጥር ለሕይወት አደገኛ የሚባለው ቁጥር ራሱ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። ሚቴን ደግሞ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጉድጓድ ሲለካ ከላይም፣ ከመሀልም፣ ከታችም ይለካ። ቱቦውን ቶሎ ቶሎ አታውርዱት። ፓምፑ አየሩን ስቦ ሴንሰሩ ጋ እስኪያደርስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስንት ሰከንድ እንደሆነ የመሣሪያው መመሪያ ላይ አለ፣ ዕቅዱ ላይ ገልብጡት።

ብዙ ሳይት ላይ የተለያዩ ትነቶችን በአንድነት የሚያሳይ የፎቶአዮናይዜሽን መለኪያ ይያዛል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ገደቡን ግን እወቁ። ውስጡ ያለው የተለመደው መብራት (ጉልበቱ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው) ሚቴንን አያይም። ያየውንም ትነት ስም አይነግራችሁም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። 3 ፒፒኤም አሳየ እንበል። ማቅጠኛ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅ ይሆናል። ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ከሆነ ግን (የመኪናውን ነዳጅ ሳይሆን ካንሰር አምጪውን ማለቴ ነው) የኦሻ የ8 ሰዓት ገደብ 1 ፒፒኤም ነውና አልፋችሁታል። ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ መጥፎው ነው ብላችሁ ሥሩ።

መሣሪያው በየቀኑ ከሥራ በፊት በሚታወቅ ጋዝ ይፈተን፣ ውጤቱ ይመዝገብ። ያልተፈተነ መለኪያ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል፤ ባዶ እጁን ያለ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

5ኛ፦ መከላከያ ልብስ

ልብስ የመጨረሻው መከላከያ ነው። መጀመሪያ ጠይቁ፤ ይህን ሥራ ሰው ሳይጠጋ መሥራት ይቻላል? በማሽን ይነሳል? አፈሩ ቢረጥብ አቧራው ይቀንሳል? አየር ማስገባት ይቻላል? እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው ወደ ልብስ የሚኬደው።

ልብሱ በአራት ደረጃ ይከፈላል። ኤ ማለት ጋዝ የማያስገባ ሙሉ ሽፋንና በጀርባ የሚሸከሙት አየር ነው። ቢ ያው አየር ሆኖ ልብሱ ፈሳሽ የሚከላከል ነው። ሲ ካርትሪጅ (የአየር ማጣሪያ) ያለው ጭምብል ነው። ዲ የተለመደው ቱታ፣ ቦቲ፣ ሄልሜትና መነጽር ነው፤ ለሳንባ ምንም አይሰጥም።

ስህተቱ የሚበዛው ሲ ላይ ነው። ካርትሪጅ አየር ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይሠራም። ሲ የሚለበሰው ኬሚካሉ ሲታወቅ፣ መጠኑ ሲታወቅ፣ ካርትሪጁ ያንን ኬሚካል እንደሚይዝ ሲረጋገጥ፣ ኦክስጅን 19.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ መጠኑም ለሕይወት አደገኛ ከሚባለው በታች ሲሆን ነው። አንዱ ከጎደለ ወደ ቢ ውጡ። ካርትሪጁ የሚቀየርበትን ሰዓትም ጻፉ። "ሲሸት እንቀይራለን" መርሐ ግብር አይደለም።

ጭምብል ጢም ላይ አይገጥምም። ይህን ለሠራተኛ መንገር ያስቸግራል፣ ሰውየው ይከፋዋል፣ ግን መነገር አለበት፤ ከመቀጠሩ በፊት ቢነገረው ደግሞ የተሻለ ነው። ፊት ላይ መግጠሙ መጀመሪያ ከመጠቀሙ በፊትና ከዚያ በየዓመቱ ይፈተን። ባጠለቀው ቁጥር ደግሞ ራሱ በእጁ ሸፍኖ ስቦና ተንፍሶ ይፈትሽ።

ጓንት ሲባል ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም። ናይትራይል ለናፍጣና ለዘይት ጥሩ ነው፣ አሴቶን ግን ቶሎ ያልፈዋል። ለአሴቶን ቡቲል ይሻላል። አምራቹ ኬሚካሉ ጓንቱን በስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ ሰንጠረዥ አለው፤ ያንን ሳያዩ ጓንት አይገዛም።

አየር ሲሊንደር ላይ 30 ደቂቃ ቢጻፍም ከባድ ሥራ ላይ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። የመመለሻውም፣ ቢጫ ዞን ላይ የሚጸዳበትም ጊዜ ከዚያችው ሲሊንደር ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ "ጌጁ እዚህ ሲደርስ ሥራ ይቆማል፣ መመለስ ይጀመራል" የሚል ቁጥር ይኑር። አላርሙ እስኪጮህ መጠበቅ የለም።

ጭምብል ውስጥ ንግግር አይሰማም፣ ሬዲዮም ይበላሻል። የእጅ ምልክት አስተምሩ፦ ጉሮሮን መያዝ "አየር አለቀብኝ"፣ ሁለት እጅ ራስ ላይ "እርዱኝ"፣ የጓደኛን የእጅ አንጓ መያዝ "አሁኑኑ ውጣ"። ጠዋት ጠዋት አንድ ደቂቃ አሠሯቸው።

6ኛ፦ በርሜል

ጽሑፍ የሌለው በርሜል አደገኛ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ጽሑፍ ያለውም ቢሆን አትመኑት፤ በርሜል ባዶ ሲሆን ሌላ ነገር ይሞላበታል፣ የድሮው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቀራል።

ሳትነኩ ዙሩትና እዩ። ክዳኑ ወደ ላይ ከተነፋ ውስጡ ግፊት አለ። ጎኑ ወደ ውስጥ ከገባ የውስጡ ግፊት ከውጭው አንሷል። ሥሩ ረጥቦ ከሆነ ሲያነሱት ይቀደዳል። ክዳኑ ወይም የጠርሙስ አፍ ዙሪያ ክሪስታል ከታየ ግን አትንኩ፣ አታነቃንቁ፣ ወደ ኋላ ውጡ። የደረቀ ፒክሪክ አሲድና የቆየ ኤተር በመነካካት ብቻ ሊፈነዱ ይችላሉ። ያ የፈንጂ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የማን ስልክ እንደሚደወል ዕቅዱ ላይ ይኑር።

የሚከፈት ከሆነ ብልጭታ በማያወጣ መሣሪያ፣ ከተቻለ ከርቀት በማሽን ይከፈት። በርሜሉም መሣሪያውም በሽቦ ይያያዝና ከመሬት ጋር ይገናኝ። በርሜል ላይ መቆም የለም። አጠገቡም የሚያፈስ በርሜል የሚገባበት ትልቅ በርሜልና የሚመጥ ነገር ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

7ኛ፦ ሙቀት

ልብሱ ኬሚካል አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም። ፈሳሽ የማያሳልፍ ልብስ የለበሰ ሰው አየሩ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ጀምሮ ክትትል ያስፈልገዋል። 21 እኮ ሙቀት አይባልም፤ ለዚህ ነው የሚዘነጋው።

ቀላል ዘዴ አለ። ሠራተኛው ለዕረፍት እንደወጣ ወዲያው የልብ ምቱ ይቆጠር። በደቂቃ ከ110 ካለፈ የሚቀጥለው የሥራ ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ይቀነስ፣ ዕረፍቱ ግን እንዳለ ይሁን። እንደገና ካለፈ እንደገና ይቀነስ። ቆጣሪ ሰው ይመደብ። "እኔ ደህና ነኝ" የሚለውን አትስሙ፣ ጎበዝ መባል የማይፈልግ የለም። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ይጠጣ፤ ጭምብል ስለማይወልቅ የዕረፍቱ ሰዓት ከዚህ ጋር ይገጣጠም። አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቀን ሙሉ ሥራ አይሰጠው፤ ከመደበኛው 20 በመቶ ጀምሮ በየቀኑ ሃያ ሃያ ይጨመርለት።

ንግግሩ የተምታታ፣ የሚንገዳገድ፣ ወይም የሚነጫነጭ ሰው ካያችሁ ፀባዩ ነው አትበሉ። አውጡት፣ ልብሱን ቅደዱለት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አምቡላንስ ጥሩ።

8ኛ፦ መውጫው

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥንቅቅ አድርጎ ሠርቷል። ልብሱ ሙሉ፣ ጭምብሉ ሙሉ። ሲወጣ ሞቆታል። ቢጫው ዞን ላይ እንደደረሰ የመጀመሪያ ሥራው ጭምብሉን መሳብ ነበር፤ በዚያው ውጫዊ ጓንት። ጭምብሉ ሲነሳ ከግንባሩ እስከ ጉንጩ ቡናማ መስመር ተሰመረ። የሦስት ሰዓት ጥንቃቄ በሁለት ሰከንድ አለቀ። እሱን መውቀስ አልቻልኩም፣ ማንም አላሠለጠነውም። ዕቅዱ ላይ "ብክለት ይወገድ" ይላል፣ ቅደም ተከተሉን ግን የጻፈ የለም።

ቅደም ተከተሉ ይኸው። በመጀመሪያ ቦቲውና ውጫዊ ጓንቱ ይታጠቡ። ጓንቱንና ቦቲውን ከልብሱ ጋር ያጣበቀው ቴፕ ይነሳ። ውጫዊ ቦቲ ሽፋን፣ ከዚያ ውጫዊ ጓንት ይውለቅ። ልብሱ ከራስ ወደ እግር፣ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠና እየተጠቀለለ ይወረድ፤ የቆሸሸው ፊት ውስጥ እንዲቀር። ከዚያ ጭምብሉ ከኋላ በማሰሪያው ተይዞ ይነሳ። የውስጡ ጓንት መጨረሻ ነው። እጅና ፊት ይታጠብ። ሙሉ ገላ መታጠቢያ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። ይህን በትልቅ ጽሑፍና በሥዕል አትማችሁ ቢጫው ዞን ላይ ለጥፉ፣ አውላቂውን የሚረዳ ሰውም መድቡ። ረዳቱም ልብስ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ከሠራተኛው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ይበቃዋል።

የታጠበበት ውሃ ራሱ ቆሻሻ ነው፣ ይጠራቀም። የሥራ ልብስ ቤት አይሄድም። እርሳስና ፀረ ተባይ በልብስ ተሸክመው ቤት ከገቡ የሚጎዱት የሠራተኛው ልጆች ናቸው።

9ኛ፦ ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር

ሆስፒታሉን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ምን ዓይነት ኬሚካል እንዳለ ንገሯቸው፣ ታካሚ ከነብክለቱ ቢመጣ እንደሚቀበሉ ጠይቁ። መንገዱን በመኪና ሂዱበት፣ ሰዓቱን ያዙ። ወረቀት ላይ 15 ደቂቃ ያለው መንገድ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሌላ ነው።

የዓይን መታጠቢያ ከሥራው ቦታ በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበት ይሁን፣ ለ15 ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ይኑረው። ሁለት መሰብሰቢያ ቦታ ይኑር፣ በነፋሱ አቅጣጫ የሚመረጥ። የመውጫ ድምፅ አንድ ብቻ ይሁን። የቆሰለው ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ለማጽዳት ተብሎ ሕክምና አይዘግይ፤ ልብሱ ተቆርጦ ይውጣ፣ በንጹሕ ነገር ይጠቅለል፣ ይሂድ።

አንድ ሰው ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ ሲወድቅ ጓደኛው ዘሎ መግባት ይፈልጋል። ደመ ነፍስ ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ እንዳለው በጠባብና ዝግ ቦታ ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ነበሩ። ስለዚህ የሚገባ ሰው ገመድና ማንጠልጠያ ይልበስ፣ ውጭ ያለው ሰው ሳይገባ በመዘውር ይጎትተው። አየር የያዘ አዳኝ ቡድን ተዘጋጅቶ ካልቆመ መጀመሪያውኑ ማንም አይገባም።

10ኛ፦ ሥልጠናና ምርመራ

የኦሻ ደንብ ዘወትር ሳይት ላይ ለሚሠራ ሰው 40 ሰዓት ሥልጠናና 3 ቀን በባለሙያ ሥር የመስክ ልምምድ ይላል። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ውስን ሥራ 24 ሰዓትና 1 ቀን። ሱፐርቫይዘር ተጨማሪ 8 ሰዓት አለው፣ ሁሉም ደግሞ በዓመት 8 ሰዓት ማደሻ። የቀን ሠራተኛ ነው ብሎ መዝለል የለም፤ በርሜሉ የቀንና የወር ደመወዝተኛ አይለይም።

የሕክምና ምርመራ ከሥራው በፊት፣ በየዓመቱና ሲለቅ ይደረግ። በፊት የሚደረገው ወሳኝ ነው። ለምሳሌ ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ያለበት ቦታ የሚሠራ ሰው የደሙ ኮሊንኢስተሬስ (ይህ ፀረ ተባይ የሚያወርደው፣ ለነርቭ ሥራ የሚያስፈልግ ኢንዛይም) መጠን ቀድሞ ካልታወቀ በኋላ ወርዶ ቢገኝ ከምን ወረደ ይባላል? የመደበኛው መጠን ከሰው ሰው ይለያያልና ከራሱ ጋር ነው የሚወዳደረው። መዝገቡ ሠራተኛው ከለቀቀም በኋላ ለ30 ዓመት ይቀመጥ። አንዳንድ በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ብቅ የሚለው፤ ያኔ ሰውየው የሚይዘው ማስረጃ ይህ ነው።

11ኛ፦ ጠዋት ጠዋት

ሥራ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ቁሙ። ዛሬ ምን እንሠራለን፣ ነፋሱ ከየት ነው፣ የማቆሚያ ቁጥራችን ስንት ነው፣ አቁሙ የሚለው ማን ነው፣ ትናንት ምን አስቸገረን። ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። "ገባችሁ?" አትበሉ፣ ሁሉም "አዎ" ይላል። አንዱን ምረጡና "የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያው 10 በመቶ ቢያሳይ ምን ታደርጋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ማንም ሠራተኛ ሥራ የማስቆም መብት እንዳለው በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ያስቆመ ሰው ደግሞ ስህተት ቢሆንም አይቀጣም ይባል። አንዴ የተቀጣ ካለ ሌላው አፉን አይከፍትም።

አዲስ ኬሚካል ከተገኘ፣ የሥራው ዓይነት ከተቀየረ፣ ወቅቱ ከተቀየረ፣ ወይም ሰው ለጥቂት ከተረፈ ዕቅዱ በዚያው ቀን ይሻሻል። ቢሮ ወስዶ መተየብ አያስፈልግም። ሳይት ላይ ባለው ቅጂ በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ ቀን ይደረግበት፣ ይፈረም፣ በማግስቱ ጠዋት ይነበብ። ያ ቅጂ ደግሞ ቀይ ዞን መግቢያው በር ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ፕላስቲክ ውስጥ ይንጠልጠል።